ስለት

በኪሎ ነው የገዛሁት፣ እንደ ድንች፣ እንደ ከሰል፣
ከጨርቃ ጨርቁ ጓሮ፣ ቁርጥራጩ ለጨረታ ሲከፋፈል።
ሚዛኑ ላይ ሲጭኑት መርፌው ዞሮ ዞሮ አለቀ፣
ሻጩ «ለመልህቅ ነው?» አለ፤ ባለጋሪው አብሮ ሳቀ።
ፈረሱ ግን አልሳቀም፣
እስከ ሽምብጥ ድረስ አንዴም ቀና አላለም።

እኔ አውቄዋለሁ። የፍሬዛ ጥርስ መሳያ ነው፤
ቢላ አይደለም የሚሞርደው፣ ብረት የሚቆርጠውን ብረት ነው።

ሰርቪሷ ክፍል ጠበበች። ባለቤቴ አስካለች
የሽንኩርቷን ቅርጫት አንስታ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ወጣች።
የጣና ጉም ሌት ሌት በመስኮት ይገባል፣
ቀን የፋቅሁትን ሁሉ መልሶ ቀይ ያለብሰዋል።
በላምባ ነከርሁት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት፣
ዳዶውን በመፍቻ ሳይሆን በልመና ፈታሁት።
አንዳንዱ ብሎን ግትር ምስክር ነው፤
ብትመታው፣ ብትለማመጠው፣ የያዘውን አይለቅም፤ እስከ መሰበር ነው።

ግራሶው ጠጥሮ ነበር፣ እንደ አሮጌ ሰም።
ጎኑ ላይ የሩስኪ ፊደል፣ ማንበብ የማልችለው ስም፣
ከዚያ ዝቅ ብሎ ግን፣ ከጠረጴዛው ሆድ ሥር፣
ነጥብ በነጥብ የተወቀረ የአማርኛ ጽሑፍ ነበር፦
«ቢያድግልኝ፣ ሰባ አንድ።»
ሌላ የለም።
ማንም በማያይበት ቦታ ስሙን የጻፈ ሰው፣
ኩራት ነው? ወይስ እንደ እኔ ብቸኝነት ያዘው?

ጠየቅሁ፣ ጠየቅሁ፤ ዓባይ ማዶ ነው አሉኝ፤
«በሳሉ ታውቀዋለህ» ብለው ጠቆሙኝ።

ሠላሳ ዓመት የጥጥ ብናኝ ደረቱ ውስጥ ፈትሎ፣
ቆቡን ደፍቶ መጣ፣ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጥሎ።
ደጄ ላይ ቆሞ ሳለ፤
ማሽኑን አየና ዝም አለ።

ሰላምታ የለም። የካቻቢቴውን እጀታ ከጆሮው፣
ጫፉን ከኩሽኔታው አሳርፎ፣ «በእጅህ አዙረው።»
አዞርሁ። «ቀስ!» አዞርሁ። «ይኼኛው አሸዋ በልቷል፤
ያኛው ደህና ነው፣ እንደ ሙሽራ ያንሾካሹካል።»

ለኩሽኔታው ሦስት ሳምንት፣ መርካቶ ድረስ ሰው ላክሁ፤
ቺንጋውን ከወፍጮ ቤት ቀበቶ ቆርጬ ሰፋሁ።

ማብሪያውን ልጫን ስል እጄን ያዘ። «ቆይ።»
ከካፖርቱ ኪስ ጥቅልል ጨርቅ፣ ከጨርቁ አንዲት ፍሬዛ ወጣች፤
ስምንት ጥርሷ ዶልዱሞ መዳፉ ላይ ተቀመጠች።
«ስባረር» አለ፣ «የዚያን ቀን፣ በዚህ ኪስ ይዣት ወጣሁ።
ዘበኛው የፈተሸው ምሳ ዕቃዬን ነው፤ ዝም አልሁ።
የዚያኑ ምሽት ተሳልሁ፤
ስዬ ልመልሳት ተሳልሁ።»

ለደሴቱ ገዳም የተሳለ በታንኳ ተሻግሮ ያስገባል፤
ለፈረሰ ቶርኖ ቤት ስለት ማን ይቀበላል?

ጫንሁት። ድንጋዩ ተነሣ። ወለሉ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣
ከዚያ ረጋ። ብልጭታው በጣቶቹ መሃል ፈረጠጠ።
አንድ ጥርስ። ማዞር። ሁለት። ከንፈሩን ነክሶ ይቆጥራል፤
የፀጉር ያህል ይገፋል፣ የፀጉር ያህል ይመልሳል።
አራት። አስካለች ከበሩ ላይ ቅርጫቷን ረስታ ቆማለች።
ስድስት። ሰባት። ሰባተኛዋ ስትሞከር ጥፍሩን ላጠች።

መብራት ጠፋ።

እንደ ልማዱ፣ ሳይሰናበት። ከጎረቤት «ኤጭ!» ተሰማ።
ድንጋዩ ግን ይዞራል፣ ያለ ሞተር፣ በጨለማ፣
በሁለት ኩሽኔታ፣ አንዱ የዘንድሮ፣ አንዱ ከሰባ አንድ፣
መቅዘፊያው ከውኃ ወጥቶ ታንኳ ብቻዋን እንደምትሄድ።
ስንት እንደቆየ አላውቅም። ሁለት ደቂቃ? ሦስት?
ጋሽ ቢያድግልኝ ሳሉን ዋጠ፣ ድምፁን እንዳይሸፍንበት።

ድንጋዩ ቆመ።
ያኔ ሳለ።
«ስምንተኛዋ ለነገ» አለ።