ለእራት የመጣች

በረንዳዋን ልቀባ ነበር የሄድኩት፣
ሰኞ የጀመርኩት፣ ሐሙስ ያገባደድኩት፤
አቴንስ፣ ኦሃዮ፣ ከከተማው ጫፍ፣
አስፋልቱ ሲያልቅ ከሚጀምር ዛፍ።
ቨርና ትባላለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ስታድል
የሰው ስም ከነቤቱ ገብቷታል በቃል።
እጄን አየችና «ብሩሽ ያውቃል» አለች፣
«ለማታም ሥራ አለኝ» ብላ ባልዲ አወጣች።

በባልዲው ያለው ግን ቀለም አልነበረም፤
ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ፣ ቡናማ ስኳር፣ ሩም፣
ጋዙ የወጣ ቢራ፣ ጋራዥ ውስጥ የከረመ፣
ሦስት ቀን ተከድኖ ያጉረመረመ።
«ግንዱን ቀባ» አለችኝ፣ «በደረትህ ቁመት፣
ስፋቱ አንድ ስንዝር፤ ሲንጠባጠብ ወደ ላይ መልስበት።»
ኦኩን ቀባሁና ወደ ሂኮሪው ዞርኩ፣
አሥራ አንድ ግንድ በጨለማ ቆጠርኩ።
ስንት ቤት ቀብቻለሁ፣ ስንት አጥር፣ ስንት በር፤
እንዲህ ያለ ግድግዳ ግን አላየሁም ነበር፦
ቅርፊቱ የተላጠ እንደ አሮጌ ጣውላ፣
ሸካራ፣ ቀለም ጠጪ፣ ብሩሽ የሚበላ።

ወሩ ነሐሴ ነው፤ የፌንጣ ጩኸት ጫካውን ሞልቶታል፣
ወበቁ ሸሚዜን ከጀርባዬ አጣብቆታል።
በቀይ ባትሪ ዞርን፤ ነጩ ያስደነብራል፤
ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ጉንዳን ብቻ ሰፍሯል።

ስድስተኛው ላይ ሁለት ፍም አየሁ፤
«ዓይኗ ነው» አለችኝ። ትንፋሼን ያዝሁ።
ከፍሙ ኋላ ያለው ዛፍ እንጂ ክንፍ አይመስልም፤
ግራጫው፣ ስንጥቁ፣ ዝገቱ… ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ይህን መበጥበጥ ግን አልችልም።

«ስሟስ ማነው?» አልኩ። «ገና አላወቅኋትም፤
የላይኛው ክንፏ ስሟን አይናገርም።
ከሥር ጥቁር አለ፣ ከጥቁሩም ዳር ነጭ ጥለት፤
መለያቸው እሱ ነው፣ የጥለቱ ስፋት።
አንዷን ብለዋታል ባሏ የሞተባት፣
አንዷን የማትጽናና፣ አንዷን እንባ የማይደርቅላት።»
ዝም አለች ጥቂት። «ሃርላንን ስቀብር እኔም ጥቁር ለበስኩ፤
ይህን ስም ያወጡት ግን አንዷንም አልጠየቁ።»

«በእናንተስ ቋንቋ?» አለች፣ «ማን ትባላለች?»
«የእሳት እራት» አልኩ። ስተረጉምላት ሳቀች።
«ይቺ? ለመብራት እንኳ ደንታ የላት!
እራት ልትበላ መጣች እንጂ፣ ማን ሊበላት!»
እውነትም ምላሷን እንደ ክር ፈትታ ቀመሰች፤
ከደንበኞቼ ሁሉ ሥራዬን እሷ ላሰች።

ጉንዳን እግሯን ነካት፤ ክንፏ ብልጭ አለ፣
የከሰል ጥቁረት ታየ፣ ከጨለማው ተቀላቀለ።
«ጥለቱ?» አለችኝ። «ነጭ ነበር።» «ሰፊ? ጠባብ?»
እንጃ። ዓይኔ ዘገየ፤ መቀባት እንጂ ክንፍ አላውቅም ማንበብ።
ደብተሯን ገለጠች፦ «ሐሙስ፣ ሌሊቱ ሲገባ፤
ስድስተኛው ግንድ፤ አንዲት፤ አራት ሰዓት ከአርባ፤
ስሟ—» ብላ ቦታውን ክፍት ተወችው፣
ተቀባዩ ያልታወቀ ፖስታ አስመሰለችው።

ዓርብ ጠዋት መጣሁ። የቀረኝ አንድ ጣውላ ነበር፣
ዝናብ ያሸበተው፣ በግራ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር።
ብሩሼን ነክሬ ላሳርፍ ስል ጣውላው ተላወሰ፤
ሽበቱ እንደ ትንፋሽ ከፍ አለና ተመለሰ።
የትናንቷ ትሁን ሌላ አልጠየቅሁም፣
ክንፏንም ገልጬ ጥለት አልለካሁም።
ቆርቆሮውን ከደንኩ።
ቨርና በመስኮት «አልጨረስክም?» አለች።
«እንግዳ አለሽ» አልኳት፣ «እራት አምሽታለች፤
ትተኛ።»