የመስኮቱ ጎዶሎ

ጌንት፣ ከቦዩ ዳር፣ ከጠባቡ ጡብ ቤት፣
ሐሙስ ሐሙስ ነበር የምጠርግበት።
ጎደሊቭ ትባላለች፣ ጡረተኛ መምህር፤
«አንብበህ ጥረገው» አለችኝ «ይሄን ድር።
ሸረሪት በመልኳ አትለይም ለሰው፣
ስታይህ ትሮጣለች፤ አንተ ቤቷን እየው።
ሸማኔስ በጥለቱ አይደል የሚታወቀው?»

ምድር ቤት ወረድን።
ጣሪያው ጥግ ተንጠልጥላ፣ እግሯ ቀጭን እንደ ፀጉር፣
ሥርዓት የሌለው፣ የተዝረከረከ ድር።
«ንካት» አለች። ነካኋት።
ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች፣
ዓይኔ እስኪስታት ድረስ፣ ጭጋግ እስክትሆን ራደች።
«ፈርታ እንዳይመስልህ፤ መሰወሯ ነው።
ቅጥነቷን አይተህ ደግሞ አትናቃት፤
ትልልቆቹን ሸረሪቶች እሷ ናት የምትበላቸው።»

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንሶላ ተነጥፏል፣
ጫፉ ወደ ግድግዳው እንደ ጡሩንባ ጠቧል፤
አፉ ላይ ቡናማዋ፣ ፀጉራም፣ ታደፍጣለች።
«ድሯ ሙጫ የለውም፣ እግሯን ታምናለች።»

መስከረም ሲጠባ፣ ወንዱ ሚስት ፍለጋ፣
ገንዳ ውስጥ ወድቆ ሲንሸራተት ነጋ።
ፎጣ ዘረጋችለት እንደ መሰላል፤
«ውጣ እንጂ ሙሽራው፣ ሰርጉ ያልፍሃል!»

የመስኮቱ ድር ግን፣ እንደ ሰፌድ ክብ ሆኖ፣
ከላይ አንድ ቁራጭ ጎድሎታል፣ ተቆርሶ እንደተበላ።
«ይሄስ ተቀዷል» ብዬ እጄን ስዘረጋ፣
«አልተቀደደም» አለች «እስቲ ቀረብ፣ ረጋ።
ከባዶው መሐል አንድ ክር አለ፣ አየኸው?
ጥጓ ውስጥ ተደብቃ በእግሯ ነው የያዘችው።
ዝንብ ድሩን ሲነካ ወሬው በሱ ይደርሳታል።
ጎዶሎው ነው ጆሮዋ።»

ኅዳር ላይ ወሰዷት፣ ጉልበቷ ሲከዳት፣
ኦስተንድ፣ ወደ አረጋውያን ቤት።
ከበሩ ላይ ዞራ መስኮቱን ጠቆመችኝ፤
በቋንቋዋ ያለችውን በእኔው ፈታሁት፦ አደራ።

ልጇ ቫውተር መጣ፣ ቁልፉን እያንቃጨለ፤
«ሊሸጥ ነው፤ አንድ ድር እንዳይቀር» አለ።
ጠረግኩ። ምድር ቤቱን፣ የቁም ሳጥኑን ጀርባ፤
የዓመት ትምህርቴ ሁሉ አንድ ባልዲ ገባ።
መስኮቱ ጋ ስደርስ
ክንዴ ቆመ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ይላል ያገሬ ሰው፤
ይቺ ግን አብራ አታውቅም፣ ብቻዋን ናት፤
አንበሳ ምን ይሠራላታል፣ መጥረጊያዬ በቃት።
ሌሊት ጎዶሎዋን ትታ ድሯን አደራች፤
እኔም አደራ አልበላሁ።

ገዢዎቹ መጡ። ሴትየዋ በጣቷ
«ይሄ መስኮት» አለች «አልተጠረገም።»
«አልተነበበም» አልኳት።