ከመስመሩ በላይ

ሥራዬ ማንበብ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት
በሳን ፈርናንዶ፣ ከዳኛው ወንበር ፊት
ስም ስጠራ ኖርኩኝ፣ «አቤት» ስሰማበት።
ዛሬ ስሟን ብጠራ አቤት ባይ አልመጣም፤
ሜርሊና ኳሺ ከጉድጓድ አትወጣም።
ጥይት አልነካትም፣ ማንም አልዛተባት፤
ክሱ ስድስት ዓመት ቀጠሮ ሲያበዛባት
ሆስፒታል ወረፋ፣ ስኳር ነው የገደላት።

«ቃሏን ሰጠች» ይላል መዝገቡ ሲጀምር፤
ሰጠች። እሷም ያለ ቃል ገባች ካፈር።
ቃሉ ደረሰ ለእኔ፣ ለመንግሥት ደሞዝተኛ፤
እያዩኝ ተቀምጠው አሥራ ሁለት የሕዝብ ዳኛ
መነጽሬን ጠርጌ ጀመርኩ፦

   «በተጠቀሰው ዕለት፣ ከምሽቱ በግምት ሦስት ሰዓት ከሃያ፣
   በወደቡ ዓሣ ገበያ በንግድ ሥራዬ ላይ ሳለሁ፣
   ተጠርጣሪው ግለሰብ በእግር ወደ ሟች ሲቀርብ ተመልክቻለሁ።»

በእግር ወደ ሟች! እሷ እንዲህ አትልም።
«ዱዱ፣ ጨው ልጨምር?» ትል ነበር ለሁሉም፣
ለዳኛ፣ ለሌባ፣ ለአጥማጅ፣ አትለይም፤
የበቆሎ ድስቷን እያማሰለች
ግማሽ ወሬ፣ ግማሽ ሳቅ ነበረች።
ይሄ የአሥር አለቃ ራምናሪን ድምፅ ነው፣
የሷን ብር ተቀብሎ
በጣቢያ ሳንቲም የመነዘረው።

ገጽ ሁለት ላይ ደረስኩ። ምላሴ ተያዘ።

   «ፊቱን አይቻለሁ።»

ከመስመሩ በላይ፣ ባነሰች ፊደል፣
አንዲት ቃል ገብታለች፣ አጥር እንደሚዘል
የዘገየ እንግዳ፦ «በግልጽ»።
ከጎኗ ሁለት ፊደል፣ ሜ. እና ኳ.፣
የምትንቀጠቀጥ።

ማን ጨመራት ይህችን? ተነቦላት ሲያልቅ
«ቆይ፣ በደንብ ነው ያየሁት» ብላ ነው በሳቅ?
ወይስ አሥር አለቃው ብዕሩን አስቀድሞ
«በግልጽ ነው፣ አይደል?» አላት፣ ደጋግሞ፣
እሷም ድስቷን ያለ ጠባቂ ትታ
ፈረመች፣ እንዳይመሽባት ፈርታ?

የተከሳሹ ጠበቃ ሱክራን ተነሡ፦
«ከቆመችበት ስንት እርምጃ ይርቃል የመብራቱ ምሰሶ?
ዝናብ ነበር? ዓይኗስ? ስኳር አላደበዘዘውም?»
መስቀለኛ ጥያቄ፣ ለሦስት ገጽ ወረቀት።
ወረቀት ላብ የለው፣ ወረቀት ዓይን የለው፤
ዞር ብሎ አያይም ማን እንደሚያየው።
አሥር አለቃው ተጠየቁ። «ቆይቷል፣ አላስታውስም» አሉ።

ጄቮን አሌን ሲታሰር አሥራ ዘጠኝ ነበር፤
የወንድሙን ክራቫት አስሮ ጥፍሩን ይነክሳል፣
«በግልጽ» ስትባል ብቻ ቀና ይላል።
ወዲያ ማዶ፣ ከፊት ረድፍ፣
የሟቹ እናት ከእኔ እኩል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤
ስድስት ዓመት ሙሉ
እያንዳንዷን መስመር በቃሏ ይዛለች።

ከመስመር በላይ ያለ ቃል እንዴት ይነበባል?
ከፍ ተብሎ? ዝግ ተብሎ? ማን ይጠየቃል?
እንደ ሌሎቹ አነበብኩት፤ አላጠበቅኩ፣ አላላላሁ።

   «…ተነቦልኝ፣ ተረድቼው፣ በፈቃዴ ፈርሜአለሁ።»

ችሎቱ ተነሣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤
የፕሪንስስ ታውን ታክሲ ጥሩምባውን ይነፋል።
ጸሐፊዋ የዕለቱን ውሎ አቀበለችኝ፦

   «የሟች ምስክር ቃል ለችሎቱ ተነቧል።»

«አንዲት ቃል ረሳሁ» አለች ብዕር ይዛ፣
«በግልጽ ነው ያነበብከው፣ አይደል?»
ታክሲው ሞተሩን አስነሣ።
ራሴን ነቀነቅኩ፤
ከመስመሩ በላይ ከጻፈቻት ቃል ጎን
የስሜን ሁለት ፊደል አኖርኩ።