ሚስማሩ

ማዘጋጃ ቤት ሜትርና ቅጽ አስይዞ ላከኝ፣
«ከዚራ መናፈሻ ያለችውን ሮቃ ለክተሽ ነይ» አለኝ።
ሥሯ አስፋልቱን ሰንጥቆ ቧንቧውን ነክቷል፤
ትቆረጥ አትቆረጥ፣ ከቅጹ ይታያል።

ዙሪያዋን ስለካ ሜትሩ አጠረብኝ፣
ሻሼን ፈትቼ ቋጠርኩ፤ እሱም አልበቃኝ።
የቀረውን በክንዴ አቅፌ ቆጠርኩ፤
ጉንጬን ቅርፊት ፋቀው፤ ያንን ግን አልጻፍኩ።

ቁመት፦ ሞላሁ። ጤንነት፦ ሞላሁ።
ዕድሜ የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬን አነሳሁ።

ወተት ሻጯ ሂቦ፣ ጀሪካኗን ተደግፋ፣
«እናቴ እኔን ወለደች እዚህ ሰሌን አንጥፋ፤
ያኔም አሮጊት ነበረች።»
«እናትሽ?»
«አቦ፣ ዛፏ!»

ጉሌድ ፀጉር አስተካካዩ፣ መስታወቱን ቅርንጫፍ ላይ እንደሰቀለ፣
ግማሽ ጢሙን የላጨውን ሰው ትቶ «ደቻቱ የሞላ ሌሊት» አለ፣
«አስራ አንድ ሆነን ወጣን እላይዋ፣ ከአንድ ፍየል ጋር።
ስንወርድ አስር።
እኔ ዕድሜዋን ከዚያ ነው የምቆጥር።»
ምላጩን በሱሪው ጠረገ፣
የቀረውን ጢም ፈለገ።

ኋላ አቶ ኡመርዲን መጡ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
ለልጅ በአማርኛ፣ ለጉልበታቸው የሚቆጡት በፈረንሳይኛ።
«ምስክር አለኝ» ብለው ግንዷን በመዳፋቸው ዳበሱ፤
የሀዲድ ሚስማር ነው፣ ቅርፊት ውጦት የቀረው ራሱ።
«ፋኖሴን የምሰቅልበት ነበር፣
የሌሊቱ ባቡር እስኪገባ ድረስ።
ያኔ ከደረቴ ትክክል፤
ዛሬ ይኸው፣ ከግንባሬ ሊደርስ!
አየሽ፣ ልጄ? ይህን ሁሉ ተሸክማው ወጣች።
ስንት አደገች!»

ዛፍ ወደ ላይ የሚያድገው ከጫፉ ነው፤ ተምሬዋለሁ።
የተመታ ሚስማር ከተመታበት ከፍ አይልም፤ አውቃለሁ።
ሜትሩም እጄ ላይ ነበር።
ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ሚስማሩ ሲያቀኑ፣
ወገባቸው ግን እንደ ጎበጠ እምቢ ሲላቸው አየሁ።
ሜትሩን ጠቀለልኩ፤ ኪሴ ከተትኩ።

«አዎ፣ ብዙ አድጋለች» አልኩ።

ሳጥኑ ጠባብ ነው፣ ለሁለት አሃዝ የተሰመረ፤
ፊደል አጣብቤ ጻፍኩበት፣ ጥቂቱ ከመስመሩ አደረ፦
«ገና በማደግ ላይ ያለች።»
ፈረምኩ።

በማግስቱ አለቃዬ ቅጹን በጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ።
«እዚህ ጋ ቁጥር ነው የሚሞላው» አለኝ።