ሁለት ጣት

ሊየፓያ ላይ ነፋሱ ከባልቲክ ሲነሣ፣
የጋራዡ ቆርቆሮ ሲያቃስት፣ ሲያገሣ፣
ኤልቪታ መጣች፤ መኪናዋ ቆማ ከደጅ፣
«ጎማዬ ይውጣልኝ» አለች፣ «እንደ ዓይን አፋር ልጅ
ከፓራፋንጎ ሥር አይደበቅብኝ።»
አራት ሰፋፊ ቸርኬ ከኋላ ወንበር አወረደች።

ታሊቫልዲስ ዝም አለ። ሲያስብ
አገጩን በመፍቻ ያካል እንጂ አይናገርም።
ቸርኬውን በፊቱ ደፋው፤ ጣውላ አጋደመበት፤
ማስመሪያ ሰደደ፣ ሞዞው እስከሚያርፍበት።
«መሃሉ የት ነው?» አለኝ።
ብሎን የሚገባበትን ነካሁ።
«እሱ የታሰረበት ነው። መሃሉ ሌላ ነው።
በሁለቱ መካከል ያለችው ርቀት፣
ኦፍሴት የሚሏት እሷ ናት።»

ከዚያ ወለሉ ላይ በጠመኔ ጻፈ፤
የድሮው ሰባት ኢንች፣ ኦፍሴቱ አርባ አምስት፤
የአሁኑ ስምንት ተኩል፣ ኦፍሴቱ ሠላሳ።
ቀነሰ፣ ደመረ፣ በጫማው አጠፋ፣ ደገመ።
ወደ ውስጥ አራት ሚሊ ሜትር፤ ይሁን፣ ግድ የለም።
ወደ ውጭ ሠላሳ አራት።
ሁለት ጣት።

«ኩሽኔታው ይነግርሻል» አላት፣ «ቀስ ብሎ፣ በዓመቱ፤
መሪውም ይጎትትሻል።»
«ይጎትተኝ» አለች።

አሰርን። ዞርናት። ምን እዋሻለሁ፣ ታምራለች!
ጎማና ፓራፋንጎ፣ ትከሻ ለትከሻ።
ጣቴን ላስገባ ሞከርሁ፤ ጥፍሬ ብቻ ገባ።
ወደቡን ብቻዋን ዞራ መጣች፤ ኮሽ አላለም።
ታሊቫልዲስ ሒሳቡን ተቀበለ፤ ደህና ሁኚ ግን አላለም።

ሐሙስ ሌሊት፣ ከዓሣ ፋብሪካው ስትወጣ፣
ሦስት የፈረቃ ጓደኞቿን አሳፍራ፣
ሞላው ጎንበስ ብሎ፣
የትራሙን ሐዲድ ስትሻገር
ክርርርር።
ብረቱ ጎማውን ነከሰው፤ መኪናው ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ።
ሴቶቹ ወረዱ፤ በዝናብ በእግራቸው ሄዱ።
መኪናዋም፣ ጉደኛ፣ ወዲያው ዝም አለች።

«ብቻዬን ስሆን እኮ አይነካም» አለች ጠዋት፣
ለራሷ ይመስላል የተናገረችው።
እኔም ወለሉን አየሁ። ቁጥሩ ልክ ነበር፤
ሰው ግን አልደመርንበትም።

ሽማግሌው መልስ አልሰጣትም።
መሰላል አቁሞ ወጣ፤
የድሮዎቹን ቸርኬዎች ከቆጡ አንድ በአንድ አወረደ፤
አልሸጣቸውም፤
አቧራ እንኳ አልያዛቸውም፤
በየጀርባቸው ስሟ በጠመኔ ተጽፏል።