የገዛ ቤቷ

ወይዘሮ ጎደሊቭ ማለዳ ደወለች፣
«ቴሌቪዥኔ ታሟል፤ ቶሎ ድረስ» አለች።
ጌንት ዝናብ ለብሳ፣ ድንጋይዋ ሲያዳልጥ፣
አራት ፎቅ ወጣሁኝ፣ የመፍቻ ቦርሳዬ ባንገቴ ሲናጥ።

ስሟን በእኔ አንደበት በጠራሁት ቁጥር
አንዳች ነገር የጎደላት ይመስለኝ ነበር፤
ዛሬስ እውነት ጎድሏል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትራም የነዳች ሴት፣
«ቁም» ስትል የሚቆም አርባ ቶን ብረት፣
ዛሬ አውራ ጣቷ ሥር አንዲት ሚጢጢ ቁልፍ
አልታዘዝም አለች።
የውሻ ምግብ ዘፈን አይቀነስ፣ አይታለፍ።
(ውሻም የላት።)

ሌሊት፣ በሩ ሳይነካ፣ አንድም ሰው ሳይገባ፣
ቤቱ ተበርብሯል፤ አይሉት ነገር ሌባ።
ጠዋት መስታወቱ ላይ ነጭ ጽሕፈት ወጣ፦
«ለእርስዎ ምቾት ሲባል አዲስ ነገር መጣ።»
ከሥሩ አንድ ቁልፍ፣ «እስማማለሁ» የሚል።
«አልስማማም» የሚለውን ፈለገች ቁልቁል፣
ፈለገች ሽቅብ፤
የለም።
ተስማማች፤ ምን ታድርግ፣ የዜና ሰዓት ደርሷል።
ለካ በዚያች ቅጽበት ኤሚል ተሰርዟል።

ኤሚል ባሏ ነበር፤ ርግብ አርቢ።
የሰፈሩ ጣቢያ አንድ ሰሞን ቀርጾታል፣
አራት ደቂቃ ብቻ፦
ኮፍያውን ገፋ አድርጎ፣ አንጋጦ ሰማይ ሲያይ፣
ከባርሴሎና የተለቀቀች ርግቡ እስክትታይ።
ቀድታ አስቀምጣ፣ በየልደቱ ቀን
ትከፍተው ነበረ። አሁን ግራጫ ሣጥን፦
«ይህ ቅጂ አይገኝም።»

ጀርባውን ፈታሁት። ሽቦ፣ አቧራ፣ ብየዳ፤
አንድ የተቃጠለ የለም፣ አንድ የተጎዳ።
ጤነኛ ነው። በሽታው እዚህ ቤት አይደለም፤
መፍቻ የሚይዘው ብሎንም የለውም።

መሳቢያ ከፍታ ደረሰኝ አወጣች፣
ቀለሙ የነጣ። «ገዝቼዋለሁ!» አለች፤
«ስምንት መቶ ዩሮ!»

በእኔ አገር ቋንቋ «ገዛ» ሁለት ቤት ያድራል፤
አንዱ ገበያ ወጥቶ ዋጋ ይከራከራል፣
ሌላው ዙፋን ላይ ነው።
ያን የነጣ ወረቀት ደጋግሜ አየሁት፤
ማን ማንን እንደገዛ ግን አልለየሁት።
ጭሰኛ ማለት ምን እንደሆነ በምን ቃል ላስረዳት፣
ለመሬት ሳይሆን ለመስታወት
በገዛ ሳሎኗ ቁጭ ብላ የምትገብር፣
ባለርስቷን በዓይኗ አይታው የማታውቅ ሴት?

ሒሳብ ስትጠይቀኝ «አልጠገንኩም» አልኳት።
ሃያ ዩሮ ኪሴ ከተተች፣ በግድ፤
«ለዝናቡ ነው» አለች።
ከዚያ፣ እኔን ሳይሆን መስኮቱን እያየች፦
«ጭልፊት ነበር፣ ነፋስ ነበር፣ ከፒሬኔ ወዲያ፤
ርግቧ ግን አትስትም የኤሚልን ጣሪያ።»

ደረጃውን ስወርድ በሩ ተዘግቷል፤
ግን ይሰማኝ ነበር፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤
አውራ ጣቷ አሁንም ብረቱን «ቁም» ይላል።
ውሻው ግን ይበላል።