ውሃ ልክ

ከወደቡ ማዶ፣ ዋርካው ካጠላበት፣
ቁጥር የተጻፈ አንድ ብረት አለበት፤
ከወገቡ በታች ውሃ ውስጥ የቆመ፣
ዝገት እየላሰው ቁጥሩ የደከመ።

አያ አስረስ ነበር ጧት ማታ የሚወርደው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ሳያስገድደው።
ዓይኑ ላይ ሞራ ሲወርድ ደብተሩን ሰጠኝ፤
«ሁለት ነው የሚነበብ» ብሎ አስቀመጠኝ፤
«ታናን ለመሥሪያ ቤቱ፣ ዳዊትን ለእኔ፤
አንዱንም አትዝለይ፣ በሞቴ፣ በዓይኔ።»

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሻሼን ሳላስር፣
ደንገሉን ገልጬ ቁልቁል ከዋርካው ሥር፣
ብዕሬን ነክሼ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣
የሐይቁን ቁመት እጽፋለሁ አንብቤ።
ከዚያ ወደ ጓዳው፣ መደቡ ጫፍ ላይ፤
የሰኞን በሰኞ፣ የማክሰኞን በዕለቱ፤
የገጹ ጥግ ሁሉ ወይቧል በጣቱ።
ከዳዊቱ ቀጥሎ ከወንጌል አንድ ምዕራፍ።
እሱ በቃሉ ያውቀዋል። አንድ ሐረግ ስዘልበት
ጉሮሮውን ይጠርጋል፤
እመለሳለሁ ካለፍኩበት።

እውነቱን ልናገር። ስንት ጧት አፌ ብቻ ቀርቶ፣
ልቤ በባጃጅ ገበያ ወጥቶ፣
ከስንኙ መሐል የሽንኩርት ዋጋ ገብቶ፣
«አሜን» ብያለሁ፣ ለምኑ እንደሆን ተረስቶ።

አንድ የነሐሴ ሌሊት ቆርቆሮው ሲደበደብ አደረ፤
ጧት ብርድ ልብሱ ሞቀኝ፤ እግሬ እንቢ አለ፣ ቀረ።
የትናንቱን ቁጥር ገልብጬ ጻፍኩት፤
«ማን ያያል? መሐንዲሱ የሚመጣው በወር አንዴ»
ብዬ ደብተሩን ከደንኩት።

ዳዊቱን ልጀምር ስል አያ አስረስ ጠየቀ፤
«ስንት ሆነ?»
ነገርኩት።
ራሱን ነቀነቀ።
«ይሄ ሁሉ ዝናብ፣ ሌሊቱን የወረደ፣
ልጄ፣ ታዲያ ወደ የትኛው ሐይቅ ሄደ?»

ላጲሱ ሲሻክር ሰማና እጄን ያዘኝ፤
«አትፋቂው» ብሎ በቀስታ አዘዘኝ።
«ሰርዢው ባንድ መስመር፣ ይታይ መሰረዙ፤
ከጎኑ ጻፊ፣ ‹አላየሁም› ብለሽ፤
የደብተር ሐቁ ነው ወዙ።
እኔም ሰባት ቦታ አለኝ፣ ‹አላየሁም› ያልኩበት፤
አንዱ ሚስቴ ያረፈችበት፣
ስድስቱ የሰነፍኩበት።»

ማታ በኩራዝ የድሮዎቹን ደብተሮች አገላበጥኩ።
ከሃያ ሁለት ሺህ ከምናምን ንባብ ውስጥ
ሰባት። እንዳለው።
እያንዳንዱ ባንድ መስመር ተሰርዞ፣
ሥሩ ያለው ውሸት እንኳ እየተነበበ።
ከዚያ ሁሉ ትክክል ቁጥር ይልቅ
እነዚያ ሰባቱ አስለቀሱኝ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ አጠረ።
«ዛሬ አላየሁህም» ብዬ የምጀምርበት ጧት አለ፤
ምንም አልጨምርበት፣ ምንም አላሳምረው።
በዚያን ቀን ልቤ ከገበያ በእግሩ ተመለሰ፤
አቧራውን ሳያራግፍ መደቡ ጫፍ ደረሰ።

ዛሬ ጭጋግ ነው። ደብረ ማርያም ደሴት ካጠገቤ ጠፍታለች፤
የታንኳ ቀዛፊ ሳል ይሰማኛል፣ ሰውየው አይታይም።
ብረቱም አይታይም።
እምቦጩን በክንዴ ገፋሁት፣ ትናንትም ገፍቼዋለሁ፤
ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ እኔም እመጣለሁ።
ውሃው ከጉልበቴ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ቆሜያለሁ፤
የቅዳሜውን መዝሙር በቃሌ እላለሁ፣
ጭጋጉ እስኪገልጥ፣ ቁጥሩ እስኪታይ ድረስ።

ከቤት ይጠብቀኛል፣ ጆሮውን ወደ በር አቅንቶ፣
የእርጥብ እግሬን ድምፅ ሰምቶ
የሚያምነኝ አያ አስረስ።